ጥቁር ሸሚዝ በሰሜን ምድር፦ የፊንላንድ ፋሺስቶች እንዴት ዳር ቀሩ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ጥቁር ሸሚዝ ሲባል ለእኛ ሰው ዐይኑ ላይ የሚመጣበት የጣሊያን ወራሪ ነው። የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ከአያቶቹ አፍ የሰማ ሁሉ ያንን ልብስ ያውቀዋል። የዛሬው ወጌ ግን በዚያው ዘመን በሄልሲንኪ ፓርላማ ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው፣ ሰማያዊ ከረባት አስረው ስለተቀመጡ 14 ሰዎች ነው። ፓርቲያቸው «አገር ወዳድ ሕዝባዊ ንቅናቄ» ይባል ነበር፤ ፊንላንዶች በምሕጻረ ቃል «ኢኮኤል» ይሉታል። ከ200 ወንበር 14 ብቻ ነው የያዘው፤ ከዚያ በላይ አላደገም። ስለዚህ ትንሽ ፓርቲ ለምን አንድ ምሽት እንደምንሰጥ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር መልሴ ይህ ነው፦ ይህ ፓርቲ ትንሽ ሆኖ አልተወለደም። ከእሱ በፊት የነበረው እናት ንቅናቄ አንድ መንግሥት አስወርዷል፣ ሕገ መንግሥታዊ መብት የሚገድብ ሕግ አስጸድቋል፣ ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው አስጠልፏል። ያ ሁሉ ጉልበት እንዴት ወደ 14 ወንበር ወረደ? እኔን ዓመታት ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ወሩንም፣ ቀኑንም፣ ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1918 ነው። ፊንላንድ በታኅሣሥ 1917 ከሩሲያ ነፃነቷን አወጀች፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ሕዝቧ ለሁለት ተከፈለ። ሠራተኛውና መሬት የሌለው ጢሰኛ «ቀይ» ሆነ፤ ባለመሬቱ ገበሬ፣ ነጋዴውና የተማረው ክፍል «ነጭ» ሆነ። ጦርነቱ ከጥር እስከ ግንቦት ብቻ ነው የቆየው፤ ሦስት ሚሊዮን ጥቂት ያለፈ ሕዝብ ባላት አገር ግን ከ36,000 በላይ ሰው አለቀ። ከዚህ ውስጥ ከ12,000 የሚበልጡት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በእስር ካምፖች በረሃብና በበሽታ የሞቱ ቀዮች ናቸው። በአንድ መንደር ገዳይና የሟች ልጅ ጎን ለጎን ይኖሩ ጀመር። ይህን ሳንይዝ ቀጥሎ የሚመጣውን ብናነብ የጥቂት እብዶች ታሪክ ይመስለናል።

ነጮቹ ድል ካደረጉ በኋላ ያደረጉት አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። አሸናፊዎቹ ዘውዳዊ አገዛዝ ሊያቆሙ ሞክረው ነበር፤ የጀርመን ሽንፈት አከሸፈባቸው። በ1919 የሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። አርቃቂው ካርሎ ዩሆ ስቶልቤሪ የሚባሉ የሕግ ሊቅ ነበሩ፤ የመጀመሪያውም ፕሬዚዳንት እርሳቸው ሆኑ። ጢሰኛው የሚያርሰውን መሬት የራሱ የሚያደርግበት ሕግ ወጣ፤ በ1922 ደግሞ በክዮስቲ ካሊዮ ስም የሚጠራው የመሬት ሕግ ተጨመረበት። ስቶልቤሪ ለብዙ ቀይ እስረኞች ምሕረት አደረጉ። ትናንት የተገዳደለ ሕዝብ በአንድ ፓርላማ እንዲቀመጥ መንገድ ከፈቱ። ይህን ምሕረት በልባቸው ይቅር ያላሉላቸው ነጮች ብዙ ነበሩ።

አሁን ወደ ላፑዋ እንሂድ። ላፑዋ በምዕራብ ፊንላንድ በኦስትሮቦትኒያ ሜዳ ላይ ያለች የገበሬ ወረዳ ናት። ሕዝቧ አጥባቂ ሉተራዊ ነው፤ በመሬቱም በ1918 ድሉም ኩሩ ነው። በኅዳር 1929 ወጣት ኮሚኒስቶች ቀይ ሸሚዝ ለብሰው እዚያ ስብሰባ ጠሩ። የአካባቢው ሰዎች ደበደቧቸው፣ ሸሚዛቸውንም ቀደዱባቸው። ከዚያ ቀን ጸብ የላፑዋ ንቅናቄ የሚባለው ተወለደ። መሪው ቪህቶሪ ኮሶላ የሚባል የዚያው አገር ገበሬ ነበር። ጊዜውም ለእሳት ጭድ የሚያቀርብ ጊዜ ነበር፤ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ የእንጨትን ዋጋ ጥሎታል፣ ገበሬው የባንክ ዕዳ መክፈል አቅቶታል። የፊንላንድ ገበሬ አንዱ ላንዱ ዋስ ሆኖ ነበር የሚበደረው፤ አንዱ ሲወድቅ ዋሱም አብሮ ይወድቃል። እርሻ በሐራጅ ሲሸጥ ጎረቤት ቆሞ ያያል። እንዲህ ያለ ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ላፑዋዎችም ጣታቸውን ወደ ኮሚኒስቱ ቀሰሩለት።

መጀመሪያ በቫሳ ከተማ የኮሚኒስት ማተሚያ ቤት ሰባበሩ። ሰባሪዎቹ ሲከሰሱ በሰኔ 1930 የኮሚኒስት የፓርላማ አባልና ጠበቃ የሆነውን አሴር ሳሎን ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ነጥቀው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ሰውን በሌሊት ከቤቱ አውጥቶ፣ ደብድቦ፣ በመኪና ወደ ሶቭየት ድንበር ወስዶ መጣል። ፊንላንዶች ለዚህ ድርጊት የሰጡት ቃል «ክዩዲቱስ» ነው፤ ትርጉሙ ሰውን በተሽከርካሪ ማድረስ፣ መሸኘት ማለት ነው። ይህ ቃል ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ጠለፋና ዱላን «መሸኘት» ብለው ሲጠሩት ሰሚው ጆሮ ላይ ቀላል ሆነ፤ ጋዜጣውም፣ ቄሱም፣ ሹሙም በዚያ ለስላሳ ቃል ተናገሩት። በዚያች አንዲት በጋ ከ250 በላይ ሰዎች ተጠለፉ፤ የተገደሉም አሉ። ከተጠለፉት ውስጥ ከኮሚኒዝም ጋር ንክኪ የሌላቸው ሶሻል ዴሞክራቶች ነበሩ፤ የፓርላማው ምክትል አፈ ጉባኤ ቫይኖ ሐኪላ አንዱ ናቸው። በሐምሌ መጀመሪያም ሁለት የኮሚኒስት ተወካዮች ከፓርላማው የሕገ መንግሥት ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተነጥቀው ተወሰዱ።

መንግሥት ምን አደረገ? እዚህ ላይ መራራውን እውነት መናገር አለብኝ። ብዙዎቹ የተከበሩ ሰዎች አጨበጨቡ። ሐምሌ 7 ቀን 1930 ከ12,000 የሚበልጡ ወንዶች ከየገጠሩ ሄልሲንኪ ገብተው በሴኔት አደባባይ ተሰለፉ። ፕሬዚዳንት ሬላንደር ተቀበሏቸው፤ በ1918 የነጮቹ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ማነርሃይም በቦታው ነበሩ። የጠቅላይ ሚኒስትር ካሊዮ መንግሥት ከሰልፉ ጥቂት ቀናት በፊት ወርዶ፣ ላፑዋዎች የሚመኟቸው ፔር ኤቪንድ ስቪንሁፉድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ነበር። በጥቅምት አዲስ ምርጫ ተካሄደ። ኮሚኒስቶችን የሚያግደውን ሕግ ለማሳለፍ የፓርላማው ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ነበር፤ ከ200 ወንበር 134። ሶሻሊስት ያልሆኑት ፓርቲዎች ያገኙት ልክ 134 ነው። ኮሚኒስቶች እስከ 1944 ድረስ ከሕጋዊ ፖለቲካ ውጭ ሆኑ፤ «የሪፐብሊኩ ጥበቃ ሕግ» የሚባለውም ያኔ ጸደቀ። እኔ ይህን ውሳኔ ጥበብ ነው የሚሉትን አልቀበልም። የመሐል ፓርቲዎቹ የዜጎችን አንድ ክፍል መብት ሰጥተው ሰላም ለመግዛት ሞከሩ፤ ሰላሙን ግን አላገኙትም።

አላገኙትም የምለው በምክንያት ነው። ምርጫው ካለፈ፣ የላፑዋ ጥያቄ ሁሉ ሊመለስ ከተቃረበ በኋላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1930 ጠዋት ስቶልቤሪ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ኤስተር ጋር ሄልሲንኪ ውስጥ ኩሎሳሪ በሚባለው ሰፈር ለእግር ጉዞ ወጡ። የ65 ዓመት አዛውንት ናቸው። ሰዎች ሁለቱንም መኪና ውስጥ ከተው ወደ ምሥራቅ ነዱ፤ ሐሳባቸው ድንበር አሻግሮ ሩሲያ መጣል ነበር። መንገድ ላይ ልባቸው ከዳቸው፤ ዮኤንሱ ከተማ ሲደርሱ ለቀቋቸው። ምርመራው ሲደረግ ክሩ እስከ ጦሩ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም እስከ ኩርት ማርቲ ቫሌኒዩስ ድረስ ተመዘዘ። ታችኛው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ቢለውም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው።

እኔ እንደማየው የላፑዋ ንቅናቄ ወገቡ የተቆረጠው በዚያ ጠዋት ነው። ኮሚኒስት ሲጠለፍ ፊቱን ያዞረ የከተማ ሰው፣ የሕገ መንግሥቱ አባት ከነሚስታቸው መኪና ውስጥ መወርወራቸውን ሲሰማ ደነገጠ። ቤቱ በራፍ ላይ የደረሰበት መሰለው። በየካቲት 1931 የፕሬዚዳንት ምርጫ ተደረገ። ሕዝቡ የወከላቸው 300 መራጮች ድምፅ ሰጡ፤ በመጨረሻው ዙር ስቪንሁፉድ 151፣ ስቶልቤሪ 149 ሆኑ። ከአራት ወር በፊት ተጠልፈው የነበሩት ሰው ቤተ መንግሥት ሊገቡ የቀራቸው ሁለት ድምፅ ነበር። ላፑዋዎች የራሳቸው ሰው አሸነፈ ብለው ተደሰቱ። የሚያውቁት ግን የስቪንሁፉድን ግማሹን ብቻ ነበር።

ስቪንሁፉድ ወግ አጥባቂ ናቸው፣ የነጮቹ ጀግና ናቸው። ከሁሉ በፊት ግን ዳኛ ናቸው። በ1914 በሩሲያ ዛር ዘመን ከሕግ ውጭ የተሾመን ባለሥልጣን አልታዘዝም ብለው ከዳኝነታቸው ተነሥተው ሳይቤሪያ ተግዘዋል፤ የተመለሱት የ1917 አብዮት ሲፈነዳ ነው። ሕግ በጉልበት ሲጣስ የሚያማቸው ሰው ነበሩ፤ ጉልበተኛው ዛር ይሁን ወይም የራሳቸው ደጋፊ።

ፈተናው የመጣው በየካቲት 27 ቀን 1932 ነው። ከሄልሲንኪ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በማንትሰላ፣ ሚኮ ኤሪክ የሚባል የሶሻል ዴሞክራት ተወካይ ንግግር ሊያደርግ ነበር። 400 ያህል የታጠቁ የበጎ ፈቃድ ዘብ አባላት ስብሰባውን በጥይት በተኑት። በማግስቱ አንበተንም አሉ፤ የላፑዋ መሪዎችም፣ ቫሌኒዩስ ጭምር፣ መጥተው ተቀላቀሏቸው። መንግሥት ይውረድ የሚል ጥያቄ ተነሣ። የበጎ ፈቃድ ዘብ ማለት በየመንደሩ መሣሪያ የያዘ፣ መቶ ሺህ ገደማ አባላት ያሉት የነጮች ድርጅት ነው፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ቢነሣ ሌላ የእርስ በርስ ጦርነት ይሆን ነበር። ሰዉ ትንፋሹን ይዞ የጠበቀው የዘቡን አዛዥ የማልምበሪንና የጦሩን አዛዥ የሲህቮን ቃል ነበር። ሁለቱም ከሕጋዊው መንግሥት ጎን ቆሙ።

መጋቢት 2 ማታ ፕሬዚዳንቱ በራዲዮ ተናገሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሕግና ለፍትሕ መታገላቸውን፣ አሁን ሕግ ሲረገጥና ዜጋ በዜጋ ላይ ጦር ሲያነሣ ዝም ብለው እንደማያዩ ገለጹ። ተራው ዘብ ወደ ቤቱ ቢመለስ እንደማይቀጣ፣ የሚጠየቁት ቀስቃሾቹ ብቻ እንደሆኑ ቃል ገቡ። በዚያ ብርድ በየእርሻ ቤቱ ጠመንጃ ይዞ ራዲዮ የሚያዳምጠውን ሰው አስቡት። የሚያከብረው ሽማግሌ በስሙ የጠራው ያህል ነው። ብዙዎቹ ሹልክ እያሉ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ በሳምንት ውስጥ መሪዎቹ እጅ ሰጡ። ከዚያ ንቅናቄው ታገደ። የታገደውም በዚያው ራሱ ጮኾ ባስወጣው በሪፐብሊኩ ጥበቃ ሕግ ነው።

ኢኮኤል የተወለደው ከዚህ ስብራት ነው። በሰኔ 1932 ሐመንሊና ከተማ ላይ ተመሠረተ። ኮሶላ ገና እስር ላይ ሳለ ለመሪነት ታጨ። ሥራውን የሚሠሩት ግን የተማሩ ሰዎች ነበሩ፦ የኢኮኖሚ ምሁሩ ቪልሆ አናላ፣ የወንጀል ሕግ ፕሮፌሰሩ ብሩኖ ሳልሚያላ፣ የላፑዋው ቄስ ካሬስ፣ ሌላው ቄስ ኤሊያስ ሲሞዮኪ። ገበሬው ያስነሣው ማዕበል ወደ ፕሮፌሰሮችና ቀሳውስት ጠረጴዛ ተዛወረ። ዓላማቸው የአንድ ፓርቲ ሥርዓት፣ በሙያ ማኅበራት የተዋቀረ መንግሥት እንደ ሙሶሊኒ፣ እንዲሁም በሶቭየት እጅ የነበረውን የምሥራቅ ካሬሊያን ምድር የምትጨምር «ታላቋ ፊንላንድ» ነበር። ዓርማቸው ድብ ላይ የቆመ ዱላ የያዘ ሰው ነው። በ1933 ምርጫ ከወግ አጥባቂው ከብሔራዊ ቅንጅት ፓርቲ ጋር በአንድ ዝርዝር ቀርበው 14 ወንበር አገኙ። የቅንጅቱ ወንበር ግን ከ42 ወደ 18 አሽቆለቆለ። አብሮ የተጓዘው ወገን ነው የተበላው። በማግስቱ ዓመት ዩሆ ኩስቲ ፓሲኪቪ የቅንጅቱን መሪነት ይዘው ፓርቲያቸውን ከኢኮኤል ለዩ።

እዚህ ላይ ኢኮኤልን ያጠበበውን ሁለተኛ ነገር ላንሣ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነውና። ላፑዋ ላይ ስዊድንኛ ተናጋሪ ፊንላንዶችም ተሰልፈው ነበር። ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ የሚሆኑ ናቸው፤ ባለሀብቱና መኮንኑ ከእነሱ ወገን ብዙ ነበር፤ የማነርሃይምም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ስዊድንኛ ነው። ኢኮኤል ግን የፊንላንድኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን የቋንቋ ትግል ወርሶ «አንድ ቋንቋ፣ አንድ አእምሮ» ማለት ጀመረ፤ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ስዊድንኛን አስወጥቶ ፊንላንድኛ ብቻ ይሁን አለ። በአንድ ጊዜ ገንዘቡንና መኮንኑን አስቀየመ። አንድነት እሰብካለሁ ያለ ፓርቲ የራሱን ወዳጆች በቋንቋ ከፈላቸው።

ከኢኮኤል በስተ ቀኝ ደግሞ ስማቸው ዛሬ የታሪክ ተማሪ ብቻ የሚያውቃቸው የናዚ ቡድኖች ነበሩ። የቀድሞ መኮንኑ አርቪ ካልስታ ስዋስቲካ ያነገበ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ኢርዮ ሩቱ ደግሞ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁርና ለዛሬው የታምፔሬ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው ኮሌጅ የመጀመሪያ ኃላፊ ሲሆን፣ በ1932 የፊንላንድ ብሔራዊ ሶሻሊስት ኅብረትን መሠረተ። አንዳቸውም ፓርላማ አንድ ወንበር አላገኙም። እርስ በርስ እየተጣሉ፣ እየተከፋፈሉ ከሰሙ። የሩቱ ሕይወት ግን ያስገርማል፤ ወደ ሶሻል ዴሞክራቶች ተሻገረ፣ ከጦርነቱ በኋላም ከኮሚኒስቶች ጋር በተቆራኘው የግራ ኅብረት ውስጥ ሆኖ የአገሪቱን የትምህርት ቤቶች መሥሪያ ቤት መራ። ሐሳቡ በመጀመሪያ ምን ያህል ተንሳፋፊ እንደነበረ ያሳየኛል።

በ1934 ፓርላማው የፖለቲካ ዩኒፎርም የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ጥቁር ሸሚዙ ከአደባባይ ወረደ። በ1935 መጨረሻ ኢስቶኒያ ውስጥ የመንግሥት ግልበጣ ሴራ ሲደረስበት፣ በሲሞዮኪ የሚመራው የኢኮኤል የወጣቶች ክንፍ፣ «ሰማያዊና ጥቁር» የሚባለው፣ እጁ እንዳለበት ታወቀ፤ በ1936 መጀመሪያ ታገደ። በዚያው ዓመት ኮሶላ ከመሪነት ወርዶ አናላ ተተካ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ኮሶላ ሞተ።

እነዚህ ወራት ለእኛ ምን ወራት እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወርሮ በመርዝ ጋዝ ሲፈጅ የነበረበት ጊዜ ነው። ኢኮኤሎች አርኣያችን የሚሉት እሱን ነው። ያቺው ፊንላንድ ግን በመንግሥታቱ ማኅበር አባልነቷ በጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ተቀበለች። የፊንላንድ ቀይ መስቀልም የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ መሪው ሪቻርድ ፋልቲን፣ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ማዕቀቡ ጥርስ አልነበረውም፤ ነዳጅ አልነካም፤ ይህን ቁስል ማንም አይነግረንም። ቢሆንም ያ አዛውንት ሐኪም በዚያ ዕድሜያቸው ከበረዶ አገር ተነሥተው የእኛን ቁስለኛ ሊያክሙ መምጣታቸው በአገራችን ታሪክ ከተጻፈው በላይ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። በ1936 ኢኮኤል ለብቻው ቀርቦ 8.3 ከመቶ አገኘ፤ እንደገና 14 ወንበር። በ1939 ግን 6.6 ከመቶና 8 ወንበር ብቻ። በመካከሉ ትልቁ ነገር የሆነው በመጋቢት 1937 ነው፦ የገበሬዎች ፓርቲና ሶሻል ዴሞክራቶች በአንድ መንግሥት ተቀመጡ። ፊንላንዶች «ቀይ አፈር» ይሉታል፤ ቀዩ ሠራተኛው፣ አፈሩ ገበሬው። የ1918 ሁለት ጎራዎች በ19 ዓመታቸው አንድ ካቢኔ ውስጥ ገቡ። በዚያው ዓመት የብሔራዊ ጡረታ ሕግ ወጣ። የእንጨት ዋጋ አንሠራርቶ፣ ሐራጁ ቀንሶ ነበር። ሐራጅ የማይፈራ፣ ጡረታ የሚጠብቅ ገበሬ ላፑዋ ላይ የጮኸውን ጩኸት ለመድገም ምክንያት አጣ።

በ1938 ወጣቱ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ኡርሆ ኬኮነን፣ በኋላ ከ1956 ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ ኢኮኤልን ሊያግዱ ሞከሩ። ፍርድ ቤቱ ማስረጃው አይበቃም ብሎ እግዱን ሻረው። ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያወራዋል። እኔ ግን ለፋሺስት ፓርቲ እንኳ የፈረደ ፍርድ ቤት የነበረበት አገር መሆኑን ሳስብ፣ ስቪንሁፉድ በራዲዮ የተናገሩለት ሕግ ሥር እንደያዘ አያለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኅዳር 30 ቀን 1939 ስታሊን ፊንላንድን ሲወርር የቀዮቹ ልጆችና የነጮቹ ልጆች በአንድ ምሽግ ገቡ፤ 105 ቀን ተዋጉ። ስታሊን የፊንላንድ ሠራተኛ ይቀበለኛል ብሎ ነበር፤ አልተቀበለውም። በ1937 የታረቀው ቤት ነው ያን ክረምት የያዘው። በሁለተኛው ጦርነት ፊንላንድ ከጀርመን ጎን ስትሰለፍ ኢኮኤል ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ካቢኔ ገባ፤ አናላ ከ1941 እስከ 1943 የመገናኛ ሚኒስትር ሆነ። ሲሞዮኪ በጥር 1944 ግንባር ላይ ወደቀ። በመስከረም 1944 ሞስኮ ላይ የተፈረመው የጦር ማቆም ስምምነት በ21ኛው አንቀጹ ፋሺስታዊ ድርጅቶች እንዲፈርሱ አዘዘ። ኢኮኤል ስምምነቱ በተፈረመ በአራተኛው ቀን ፈረሰ፤ የበጎ ፈቃድ ዘቡም በዚያው መኸር ተከተለው። ኮሚኒስቶች ከ14 ዓመት በኋላ በይፋ ተመለሱ።

ስቶልቤሪ ይህን ሁሉ በሕይወት ሆነው አዩ። በ1946 ፓሲኪቪ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በሕገ መንግሥት ጉዳይ እየሄዱ የሚያማክሯቸው እርሳቸውን ነበር። በመስከረም 1952 በ87 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ በ1919 ያረቀቁት ሕገ መንግሥት አሁንም ሥራ ላይ ነበር።